የአንባብያን ጥያቄ፦ «ሙታንን እናነጋግራለን» የሚሉት እንዴት ሕጋዊ ሃይማኖት ሆኑ?

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች አራቱ የሚዞሩት በአንድ ጉዳይ ላይ ስለሆነ አብረን አቅርበናቸዋል። ሁሉም የመጡት ከጎንደር ነው። ዓመት ስጽፍ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። የእኛን አቆጣጠር ስጠቅስ «በእኛ» እላለሁ።

ጥያቄ፦ «ልጄ እንግሊዝ አገር ከሄደች ቆይታለች። እጮኛዋ የዚያው አገር ሰው ነው። ጨዋ ነው፣ በስልክም አክብሮ ነው የሚያናግረኝ። አሁን ሰርጋቸውን ስፒሪቹዋሊስት በሚባል ቤተ ክርስቲያን ሊያደርጉ ነው። የጎረቤት ልጅ አንብቦ እንደነገረኝ እነዚህ ሰዎች የሞተ ሰው ነፍስ እናነጋግራለን የሚሉ ናቸው። በጣም ደነገጥኩ። ልጄ ግን "እማዬ፣ መንግሥት የሚያውቀው ሃይማኖት ነው፣ ጋብቻውም ሕጋዊ ነው" አለችኝ። መንግሥት እንዲህ ያለውን ነገር እንዴት ሃይማኖት ብሎ ያውቃል? ጋብቻውስ ይጸናል ወይ?» (እናት፣ ከአራዳ)

መልስ፦ እናታችን፣ መጀመሪያ ያስጨነቀዎትን ልመልስ። ቤተ ክርስቲያኑ ለጋብቻ የተመዘገበ ቤት ከሆነ ጋብቻው ይጸናል። ሁሉም እንዲህ ተመዝግበዋል ማለት አይደለምና ልጅዎን ይህችን አንድ ነገር ይጠይቋት፦ «ቤቱ ለጋብቻ ተመዝግቧል?» ሁለቱም አስቀድመው ወደ መንግሥት መዝገብ ቤት በአካል ሄደው ልንጋባ ነው ብለው ማስታወቅ አለባቸው። ከዚያ ቢያንስ 28 ቀን ይጠበቃል፣ አንዳቸው የውጭ ዜጋ ከሆኑ እስከ 70 ቀን ሊረዝም ይችላል። በዕለቱም ሁለት ምስክሮች ይቆማሉ። ይህ ከተሟላ እኛም አገር ችግር የለውም፤ የፌደራሉ የቤተሰብ ሕግ አንቀጽ 5 በውጭ አገር በዚያው አገር ሕግ የተፈጸመ ጋብቻ የሕዝብን ሞራል እስካልተቃረነ ድረስ የጸና ነው ይላል።

አሁን ወደ ትልቁ ጥያቄዎ ልግባ። ታሪኩ ረጅም ነው፣ ግን መነገር አለበት።

ነገሩ የተጀመረው በ1848 አሜሪካ ውስጥ፣ በኒው ዮርክ ግዛት ሃይድስቪል በምትባል ትንሽ መንደር ነው። ፎክስ የሚባል ቤተሰብ ታዳጊ ሴት ልጆች፣ ማርጋሬትና ኬት፣ ቤታችን ውስጥ የሚንኳኳ ድምፅ አለ፣ የሞተ ሰው ነፍስ ነው፣ ስንጠይቀውም በማንኳኳት ይመልስልናል አሉ። ወሬው አገር አዳረሰ። ከአርባ ዓመት በኋላ፣ በ1888፣ ማርጋሬት ራሷ ኒው ዮርክ መድረክ ላይ ወጥታ ድምፁን የምናወጣው በእግር ጣታችን ነበር ብላ ተናገረች፣ በዓመቱ ደግሞ ቃሏን አጠፈች። ያኔ ግን እምነቱ ከሁለቱ እህትማማቾች እጅ ወጥቶ ባሕር ተሻግሮ ነበር። እንግሊዝ ውስጥ በዮርክሻየርና በላንክሻየር የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ከተሞች ሥር ሰደደ። ኪትሊ በምትባል ከተማ በ1853 የመጀመሪያው ጉባኤ ተቋቋመ። እሑድ እሑድ ይሰበሰባሉ፣ መዝሙር ይዘምራሉ፣ ይጸልያሉ፣ ንግግር ይሰማሉ፣ ከዚያ ሚዲየም የሚሉት ሰው ተነሥቶ ከሟቾች ተቀበልኩት የሚለውን መልእክት ለተሰብሳቢው ይናገራል።

ሕጉ ግን ፊቱን አዙሮባቸው ነበር። ሁለት ሕጎች ነበሩ። አንደኛው በ1735 የወጣው የጥንቆላ ሕግ ነው። ይህ ሕግ ከርሱ በፊት እንደነበሩት ጠንቋይን ለሞት የሚዳርግ አልነበረም። ጥንቆላ የሚባል ነገር የለም፣ ነገር ግን መናፍስት እጠራለሁ ብሎ ያስመሰለ ሰው እስከ አንድ ዓመት ይታሰራል የሚል ነው። ሁለተኛው የ1824ቱ የዘላን ሕግ ነው፣ ሥራ ፈትቶ የሚዞረውን፣ ለማኙንና ዕጣ ፈንታ አውቃለሁ ባዩን አንድ ላይ ጠርንፎ የሚቀጣ። በ1876 ሄንሪ ስሌድ የሚባል አሜሪካዊ ሚዲየም ለንደን ላይ በዚህ ሕግ ተከስሶ ሦስት ወር ተፈረደበት፣ ይግባኝ ብሎ የወጣው ክሱ ላይ አንድ ሐረግ በመዝለሉ ነው። ስለዚህ በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ስፒሪቹዋሊስት የቱንም ያህል ቅን ልብ ቢኖረው፣ እሑድ ጸሎቱን ሲያደርስ ፖሊስ ሊገባበት ይችላል። ዳኛው «ከልብህ ታምናለህ ወይ?» ብሎ አይጠይቀውም። መናፍስት አነጋግራለሁ ማለቱ ብቻ በቂ ነበር።

በዚህ መሐል ሰዎቹ ያደረጉት ነገር ነው እኔን የሚያስደንቀኝ። ተደራጁ። ኤማ ሃርዲንጅ ብሪተን የምትባል ታላቅ ተናጋሪ ሴት ነበረች፣ እርሷ በንግግሮቿ ያስተማረቻቸው ሐሳቦች በኋላ ሰባት መርሆች ሆነው ተጻፉ። የእግዚአብሔር አባትነት፣ የሰው ልጆች ወንድማማችነት፣ ከነፍሳት ጋር መገናኘትና የመላእክት አገልግሎት፣ የነፍስ አለመሞት፣ እያንዳንዱ ሰው ለሥራው ተጠያቂ መሆኑ፣ በጎም ክፉም ከሞት በኋላ ዋጋውን ማግኘቱ፣ ለማንም ነፍስ የዘላለም መሻሻል መንገድ ክፍት መሆኑ፣ እነዚህ ናቸው። እናታችን ያስተውሉ፣ ግማሹን ከቤተ ክርስቲያናችን የሰሙት ይመስልዎታል፣ ግማሹ ደግሞ ፍጹም የራቀ ነው። በ1890 ማንቸስተር ላይ ትልቅ ጉባኤ ተጠርቶ በየከተማው ያሉትን የሚያሰባስብ ፌደሬሽን ተቋቋመ። ፌደሬሽኑ ግን በሕግ ፊት ሰው አልነበረም። ቤት በስሙ መግዛት፣ ውርስ መቀበል፣ መክሰስ አይችልም። ስለዚህ በ1901 የስፒሪቹዋሊስቶች ብሔራዊ ኅብረት ብለው ተመዘገቡ፣ በሃይማኖት መዝገብ ሳይሆን በኩባንያ ሕግ! ኅብረቱ በ1902 ፌደሬሽኑን ተረከበ። የመጀመሪያው የመንግሥት ወረቀታቸው አትራፊ ያልሆነ ኩባንያ የሚያቋቁሙበት ወረቀት ነበር ማለት ነው። አሜሪካኖቹ ቀድመዋቸው በ1893 ቺካጎ ላይ ብሔራዊ ማኅበራቸውን መሥርተዋል፣ የኒውዚላንዱ ፓርላማ ደግሞ በ1924 ለብቻው ሕግ አውጥቶ የአገሩን የስፒሪቹዋሊስት ቤተ ክርስቲያን ሕጋዊ ሰውነት ሰጥቶታል።

ከዚያ አንደኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ብሪታንያ ብቻዋን ከ7 መቶ ሺህ በላይ ወታደር ቀበረች፣ ቀበረች ማለትም አይቻልም፣ የብዙዎቹ ሬሳ አልተገኘም። እናቶች መቃብር እንኳ የላቸውም። በእኛ አገር ቢሆን ለቅሶ፣ ዐርባ፣ ተዝካር፣ ሙት ዓመት ሐዘንተኛውን ደግፎ ያቆያል። እነዚያ እናቶች ግን ልጄ የት ወደቀ ብለው የሚጠይቁት ሰው ሲያጡ ወደ ስፒሪቹዋሊስት አዳራሾች ጎረፉ። ሸርሎክ ሆምስን የፈጠረው ደራሲ አርተር ኮናን ዶይል ሳይቀር ልጁንም ወንድሙንም በዚያ ዘመን ያጣ ሰው ነበር፣ የቀረ ዕድሜውንም ገንዘቡንም ለዚህ እምነት ሰጠ። የማልቀበለው እምነት ነው፣ ግን ማን ወደዚያ እንደገፋቸው ሳስብ ልቤ ይከብዳል።

ትልቁ ፈተና የመጣው በሁለተኛው ጦርነት ነው። ሄለን ደንካን የምትባል ስኮትላንዳዊት ሚዲየም ነበረች። በኅዳር 1941 ባርሃም የተባለው የጦር መርከብ ከ8 መቶ በላይ ሰው ይዞ ሰጠመ፣ መንግሥት ዜናውን እስከ ጥር 1942 ደበቀው። ዜናው ሳይነገር ፖርትስማውዝ በተደረገ ስብሰባ ሴትዮዋ የዚያን መርከብ መርከበኛ ነፍስ አቀረብኩ ማለቷ ተወራ። በጥር 1944 እዚያው ፖርትስማውዝ ስብሰባ ላይ እንዳለች ፖሊስ ገብቶ ያዛት። መጀመሪያ በዘላን ሕጉ ሊከስሷት ነበር፣ በኋላ ግን ከመደርደሪያ አቧራውን አራግፈው የ1735ቱን የጥንቆላ ሕግ አወጡት። በለንደኑ ታላቅ የወንጀል ችሎት ተከራክራ ዘጠኝ ወር ተፈረደባት። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ቸርችል ራሱ በዚያ የጦርነት ጭንቅ መካከል ለአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሩ ማስታወሻ ጽፎ፣ እንዲህ ያለ ጊዜው ያለፈበት ሕግ በዘመናዊ ፍርድ ቤት ለምን ተጠቀሰ፣ ለመንግሥትስ ስንት ወጪ አስወጣ ብሎ ጠየቀ። ብዙ ሰው በዚያ ሕግ የተቀጣችው የመጨረሻዋ ደንካን ናት ይላል፣ ልክ አይደለም፣ በዚያው ዓመት ከእርሷ በኋላም ሌላ ሴት ተፈርዶባታል።

ሴትዮዋ እውነተኛ ነበረች እያልኩ አይደለም። ማታለሏን የሚያሳይ ብዙ ማስረጃ አለ፣ በ1933ም ስኮትላንድ ውስጥ በማጭበርበር ተቀጥታ ነበር። ስፒሪቹዋሊስቶቹን ያነሣሣቸው ግን ሌላ ነው። ሕጉ አታላዩንና አማኙን አይለይም። የደንካን ፍርድ ለእያንዳንዱ ጉባኤ ማስጠንቀቂያ ሆነ። ስለዚህ ፓርላማ ድረስ ሄደው ወተወቱ። በየከተማቸው ያለውን እንደራሴ ይዘው ጎተጎቱት። በሰኔ 1951 ዋልተር ሞንስሎ የተባለ የምክር ቤት አባል ባቀረበው ረቂቅ መሠረት አዲስ ሕግ ወጣ፣ የ1735ቱ የጥንቆላ ሕግም ተሻረ። አዲሱ ሕግ አጭበርባሪ ሚዲየሞችን የሚመለከት ነው። ከዚህ በኋላ ሰው የሚቀጣው ለማታለል አስቦ፣ ለጥቅም ብሎ ሲያደርገው ብቻ ሆነ። ዐቃቤ ሕጉ ሐሳቡን ማስረዳት አለበት። በዚህ ምክንያት በቅንነት የሚያምን ሰው ለመጀመሪያ ጊዜ ከወንበዴ ተለየ፣ ስፒሪቹዋሊስቶችም ይህን ቀን በሕግ የታወቁበት ቀን አድርገው ይቆጥሩታል። ያ ሕግ ራሱ በ2008 ተሽሮ በሸማቾች ጥበቃ ደንብ ተተክቷል። ብዙዎቹ ስፒሪቹዋሊስቶች ከለላችን ሊቀር ነው ብለው ተቃውመውት ነበር።

የሰርጉ ነገር ደግሞ በሌላ መንገድ ነው የሚሄደው። እንግሊዝ ውስጥ የአምልኮ ቤቶች የሚመዘገቡበት የ1855 ሕግ አለ። ያንን ያለፈ ቤት ለጋብቻም ልመዝገብ ሲል፣ በ1949ኙ የጋብቻ ሕግ መሠረት፣ ቢያንስ ሃያ ባለ ቤቶች «ይህ የዘወትር የአምልኮ ቤታችን ነው» ብለው መፈረም አለባቸው። እናታችን፣ ሃያ አባወራና እማወራ፣ የአንድ መንደር እድር ያህል ሰው እንኳ አይሆንም። ልጅዎ የምታገባበት ቤት ሕጋዊ የሆነው በእነዚያ ሃያ ፊርማዎች፣ ከነርሱ በፊት በነበረው የማኅበር ወረቀት፣ ከዚያም በፊት ሰዎች ታስረው በተከፈለው ዋጋ ነው። የመንግሥት ዕውቅና ሲባል ይኸው ነው፣ ከዚህ የረቀቀ ነገር የለውም።

የእርስዎ ሃይማኖት ምን እንደሚል ያውቁታል። ዘዳግም 18 ሙታን ሳቢ በመካከልህ አይገኝ ይላል፣ ሳኦልም ወደ ዓይንዶሯ ሴት ሄዶ የደረሰበትን ያውቃሉ። እኔም የማምነው ይህንኑ ነው። ለልጅዎ ይህን ይንገሯት፣ የንስሐ አባትዎንም ያማክሩ፣ በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት መጋባት የምትሻ ከሆነ ብዙ የእንግሊዝ ከተሞች ውስጥ አጥቢያዎቻችን አሉ፣ ባሏ መጠመቅና መማር እንዳለበት አባቶች ያስረዷታል። እርሷ በዚያው ከጸናች ግን ስልኩን አይዝጉባት። ሰርጉ ሲያልፍ ልጅዎ ልጅዎ ናት።

ጥያቄ፦ «እና የእንግሊዝ መንግሥት ሙታን ይናገራሉ ብሎ አምኗል ማለት ነዋ?» (የአዘዞ አንባቢ)

መልስ፦ አላመነም ወንድሜ። ግን ጎንደሬ ይህን ቢጠይቅ አልፈርድበትም። እኛ ዘንድ መንግሥት ሃይማኖትን ያውቃል ሲባል የምናስበው ንጉሥ የእውነቱን ነገር ሲፈርድ ነው። ሱስንዮስ በ1622 ካቶሊክ ነኝ ብሎ አገሩን ሁሉ አስከትላለሁ ሲል ስንት ደም ፈሰሰ! በ1632 ዙፋኑን ለልጁ ሲለቅ «ፋሲል ይንገሥ፣ ሃይማኖት ይመለስ» የተባለው የንጉሡ እምነት የአገሩ እምነት ስለነበረ ነው። ፋሲለደስ ከተማችንን ከመሠረተ በኋላም ስለ ክርስቶስ ባሕርይ የተለያዩት ሁለት ወገኖች፣ ቅባትና ተዋሕዶ፣ የሚከራከሩት እዚያው ግቢ ውስጥ ነበር። ሊቃውንቱ ይከራከራሉ፣ ንጉሡ ይሰማል፣ በመጨረሻ አዋጅ ይነገራል፣ የተረታው ወገን ይሰደዳል ወይም ይወገዛል። ንጉሥ የሃይማኖት ዳኛ ነበር። ይህ ትዝታ አሁንም ውስጣችን አለ።

የ1951ዱ ፓርላማ እንዲህ ያለ ዳኝነት ውስጥ አልገባም። ነፍስ ትናገራለች አትናገርም ብሎ ድምፅ አልሰጠም። ያለው፣ ይህን የሚያምን ሰው ሳያጭበረብር አይከሰስ፣ ይህን ብቻ ነው። የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ራሷ ጉዳዩን መርምራ ነበር፣ ሊቀ ጳጳሱ በ1937 ኮሚቴ አቋቁመው ኮሚቴው በ1939 ሪፖርቱን ጨረሰ፣ ግን አልታተመም፣ ተቀመጠ፣ ሾልኮ የወጣው በ1947 ነው። ፍርድ ቤቶቹም ቆይተው ወደዚያው መጡ። በ1970 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ሳይንቶሎጂ የሚባለውን እምነት ጸሎት ቤት የአምልኮ ቤት አይደለም፣ ለአምላክ የሚቀርብ ክብር የለበትም ብሎ ሳይመዘግበው ቀረ። በ2013 ግን ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያንን ትርጉም ጠባብ ነው ብሎ ተወው። አሁን የሚጠየቀው የሰዎች ስብስብ ስለ ሰው ልጅና ከዓለም በላይ ስላለው ነገር የጋራ እምነት አለው ወይ፣ በዚያስ እምነት እንዴት እንደሚኖር ያስተምራል ወይ ነው። እውነት ነው ወይ አይባልም።

እንዲህ መሆኑ ይሻላል ብዬ ከልቤ አምናለሁ። መንግሥት የሃይማኖቴን እውነትነት መፍረድ ከቻለ ነገ ሐሰት ነው ማለትም ይችላል፣ ጎንደር ደግሞ ይህን በሁለቱም በኩል ቀምሳዋለች።

ጥያቄ፦ «ማራኪ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ይህ ያው የእኛ ዛር አይደለም እንዴ? የነርሱ ሃይማኖት ተብሎ ሲመዘገብ የእኛ ለምን ጥንቆላ ተብሎ ይቀራል?» (ተማሪ፣ ከማራኪ)

መልስ፦ ጥያቄህ ጥሩ ነው፣ ግን ሁለቱን አንድ አታድርጋቸው። ስፒሪቹዋሊስቶች እናነጋግራለን የሚሉት የሞተ ሰውን ነው፣ አባቱን፣ ልጁን፣ ባሏን። ዛር ግን ሟች አይደለም። በሚነገረው አፈ ታሪክ ሔዋን ከፈጣሪ የደበቀቻቸው ልጆች ዘር ነው፣ የራሱ ስም፣ የራሱ አገር፣ የራሱ ባሕርይ አለው፣ የያዘውን ሰው ፈረሱ ያደርገዋል። የሚፈልገውም መልእክት ማስተላለፍ ሳይሆን ቡናውን፣ ሽቶውን፣ ልብሱን፣ ጭዳውን ነው። ሰው ወደ ባለ ዛር የሚሄደውም አብዛኛውን ጊዜ ታምሞ ነው።

ጎንደር በዚህ ነገር በዓለም የታወቀች ናት ብል ማጋነን አይሆንም። በ1932 ማርሴል ግሪዮል የሚመራው የፈረንሳይ የጥናት ቡድን ከዳካር ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ ሲያቋርጥ እዚህ ለወራት ተቀመጠ። ከነርሱ አንዱ ሚሼል ሌሪስ መልካም አየሁ የምትባል የታወቀች ባለ ዛር ቤት እየተመላለሰ ያየውን ሁሉ መዘገበ፣ ዛሬ ስለ ዛር የሚያጠና ሰው የእርሱን ሥራ ሳይነካ አያልፍም። (ያው ቡድን የአባ እንጦንስን ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች ከግድግዳው አንሥቶ ቅጅ ተክቶ ሄዷል። ሥዕሎቹ ዛሬም ፓሪስ ናቸው። ይህን ባነሣሁ ቁጥር ያንገበግበኛል፣ ስለዚህ አላለፍኩትም።)

አሁን ወደ «ለምን አይመዘገብም» ልምጣ። እኔ እንደማየው ዋናው ምክንያት መናቁ አይደለም፣ ምንም እንኳ መናቁ ባይካድም። ባለ ዛሮቹ ሌላ ሃይማኖት አለን ብለው አያውቁም። ክርስቲያኗ በሰንበት ታስቀድሳለች፣ ለሚካኤል ትሳላለች፣ ሙስሊሙ ይሰግዳል፣ ይጾማል። ዛሩን ከዚያ ጎን የሚያስታምሙት ጉዳይ አድርገው ነው የሚያዩት። «ሃይማኖትሽ ምንድን ነው?» ብትላት ኦርቶዶክስ ትልሃለች እንጂ ዛር አትልህም። የአባል መዝገብ የለም፣ የተጻፈ መርሕ የለም፣ ጠቅላይ ጉባኤ የለም፣ የአንዷ ባለ ዛር ቤት ከሌላዋ ጋር የሚያስተሳስረው ማኅበር የለም። ስፒሪቹዋሊስቶቹ ግን ከነባሩ ቤተ ክርስቲያን ወጥተው የራሳችን እምነት አለን አሉ፣ ጻፉት፣ ፈረሙበት። መንግሥት ደግሞ የሚመዘግበው ልመዝገብ ያለውን ነው።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። ቤተሰብህ ውስጥ የታመመ ሰው ካለና ወደ ባለ ዛር እየተወሰደ ከሆነ፣ በጠበልም ሆነ በጸሎት የምታምን ብትሆን፣ ሐኪም ጋም ውሰደው። የአእምሮ ሕመም መድኃኒት አለው።

ጥያቄ፦ «አዲስ ዓለም ሰፈር ውስጥ አነስተኛ ሱቅ አለኝ፣ ሙስሊም ነኝ። ከጎኔ የሚሠራው ጓደኛዬ ደግሞ ጴንጤ ነው። እነርሱ የሚጸልዩበት ቤት በአንድ ወንድማቸው ስም ነው የተገዛው፣ ሰውየው አሁን ታሟል፣ ልጆቹም ሌላ ሐሳብ አላቸው መሰለኝ። በአገራችን አንድ ሃይማኖት ዕውቅና የሚያገኘው እንዴት ነው? ሕገ መንግሥቱ ከፈቀደ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ?» (ነጋዴ፣ ከአዲስ ዓለም)

መልስ፦ ለጓደኛህ መጨነቅህ ደስ ይላል። አንተ ከምትሠራበት ሰፈር የተሻለ ይህን የሚያስረዳ ቦታ የለም። በ1668 በአፄ ዮሐንስ ቀዳማዊ ዘመን ጉባኤ ተደርጎ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው ይቀመጡ ተባለ፣ አዲስ ዓለምም የሙስሊሙ መኖሪያ ሆነች። ሃይማኖትህ ቤትህ የት እንደሚሠራ ይወስን ነበር።

በእኛ 1948 የተሻሻለው ሕገ መንግሥት የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያንን የመንግሥት ሃይማኖት አደረገ። በእኛ 1952 የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግም በአንቀጽ 398 ቤተ ክርስቲያኗን በሕግ ፊት ሰው አደረጋት፣ ሌሎቹን ሃይማኖቶች ግን ልዩ ሕግ ይወጣላቸዋል ብሎ አሻገራቸው። ያ ልዩ ሕግ ሲጠበቅ ስንት ዓመት አለፈ! ሚያዝያ 12 ቀን 1966 በእኛ፣ አዲስ አበባ ላይ ሙስሊሞች ከክርስቲያን ወዳጆቻቸው ጋር ሆነው እኩልነት ብለው የወጡበት ታላቅ ሰልፍ አንዱ ምክንያት ይህ ነበር። ከአብዮቱ በኋላ መንግሥትና ሃይማኖት ተለያዩ፣ በእኛ የ1987ቱም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥታዊ ሃይማኖት አይኖርም፣ በአንቀጽ 27 ደግሞ ማንም ሰው የማመን፣ እምነቱን የመግለጽና የማስተማር ነጻነት አለው አለ። ይህ ሁሉ ሆኖ እንኳ የእስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤት በአዋጅ ሕጋዊ ሰውነት ያገኘው በእኛ ሰኔ 2012 ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1207/2012። የወንጌል አማኞች አብያተ ክርስቲያናት ካውንስልም በዚያው ጊዜ በአዋጅ ቁጥር 1208/2012 ተቋቋመ። ከሰልፉ እስከ አዋጁ 46 ዓመት ማለት ነው። እንግሊዞቹ ስፒሪቹዋሊስቶች ከማንቸስተሩ ጉባኤ እስከ 1951ዱ ሕግ 61 ዓመት ጠብቀዋል። መንገዱ የትም አገር ረጅም ነው።

ሕገ መንግሥቱ እያለ ወረቀቱ ለምን አስፈለገ ላልከው፣ ማመን ወረቀት አያስፈልገውም። ማንም ሰው ቤቱ ውስጥ ቢጸልይ ፈቃድ አይጠየቅም። ወረቀቱ የሚያስፈልገው ንብረት ሲመጣ ነው። የባንክ ሒሳብ በማኅበሩ ስም ለመክፈት፣ መሬት ከከተማ አስተዳደሩ ለመጠየቅ፣ ለመውረስ፣ ለመክሰስ። ከሁሉም በላይ ደግሞ ለመቃብር ቦታ። በአገራችን ሰው በሕይወት ሳለ በእምነቱ የሚነካው ባይኖር እንኳ ሲሞት የት እንቅበረው የሚለው ጥያቄ ቤተሰብን ከጎረቤት ያጣላል። በተለይ ቁጥራቸው አነስተኛ የሆኑ አማኞች ሬሳ ይዘው ደጅ ሲጠኑ ማየት ያሳዝናል። ይህን ያየ ሰው ዕውቅና የወረቀት ጉዳይ ነው ብሎ አያቃልለውም።

ለጓደኛህ የምትነግረው ይህ ነው። የሃይማኖት ድርጅቶች የሚመዘገቡት በፌደራል ደረጃ በሰላም ሚኒስቴር በኩል ነው፣ የሲቪል ማኅበራት ሕጉ እነርሱን አይመለከትም፣ ስለዚህ እንደ በጎ አድራጎት ድርጅት እንመዝገብ ብለው ጊዜ አያባክኑ። የመመሥረቻ ቃለ ጉባኤ፣ መተዳደሪያ ደንብ፣ የመሥራቾቹ ስምና መታወቂያ ያዘጋጁ። የአንድ ትልቅ ቤተ እምነት አጥቢያ ከሆኑ ደግሞ አዲስ ምዝገባ ላያስፈልጋቸው ይችላል፤ የዋናው ቤተ እምነት ሰውነት ይሸፍናቸዋልና መጀመሪያ ደብዳቤ ከዚያ ይጠይቁ።

ቤቱ ግን አይደር። ሰውየው በሕይወትና በሙሉ አእምሮ ሳለ፣ ዛሬ ነገ ሳይባል፣ በውልና ማስረጃ ፊት ስጦታውን ወይም ሽያጩን ለተመዘገበው ቤተ እምነት ያስተላልፍ። ባለ ትዳር ከሆነ ባለቤቱም መፈረም አለባት፣ ያለዚያ በኋላ ሊፈርስ ይችላል። ገንዘቡን ምእመናኑ አዋጥተው ከሆነ የከፈሉበትን ደረሰኝና የባንክ ወረቀት ይሰብስቡ። ልጆቹንም ይጥሯቸውና አባታቸው ባለበት ያነጋግሯቸው፣ ሰውየው ካረፈ በኋላ ክርክሩ ከወራሾች ጋር ይሆናል፣ ካርታው ላይ ያለው ስም ደግሞ የአባታቸው ነው።